ስንት አልክ? ስንት ሆነ?

ደካ አዲ ጥግ ላይ፣ ነፋስ በማይተኛበት፣
ግቢ ተከራየሁ፣ አንድ ማሽን ያለበት።
ፑሚሱን በጋሪ፣ ሲሚንቶውን በዱቤ፣
«ሺህ ብሎኬት በሳምንት» ብሎ ወሰነ ልቤ።
ልብ ምን አለበት? አይሸከም፣ አያቦካ፣
ቁጭ ብሎ ይቆልላል፣ የክንድን አቅም ሳይለካ።

አዴ ሸጊቱ ግን ሠላሳ ዓመት መዝናለች፤
ወፍጮ ቤቷን ሸጣ ሚዛኑን አስቀርታለች።
ዓርብ ማታ ከበሯ፣ ካግዳሚው ላይ አስቀመጠችኝ፣
ባለ መስመር ደብተር ከጉልበቴ ላይ ጣለችልኝ።
«ሁለት ዓምድ አስምር» አለች።
«እዚህ ያልከው። እዚያ የሆነው።
ለምክንያት ቦታ አትተው፤
ቦታ ካገኘ ይዋለዳል፣ ስንቱን አይቻለሁ።»

ሺህ አልኩ። ስድስት መቶ አርባ ሆነ።
«መብራት ሁለት ቀን ጠፍቶ...»
«መብራት እኔ ዘንድ ደብተር የለውም፤
እሱን አልጠይቀውም።»
ሺህ አልኩ። ስድስት መቶ ዘጠና።
ሺህ አልኩ። ሰባት መቶ አምስት። እሷም ቀና አለችና፦
«ለመሆኑ ሺህ ያለው ማን ነው?
አፍህ ነው ወይስ ማሽንህ ነው?
ማሽንህ ሰባት መቶ እያለ ሲጮህ ከርሟል፣
አንተ ብቻ ነህ ያልሰማኸው፣ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።
ሰባት መቶ በል። ማነሱ አይግደድህ፤
ያነሰ ቁጥር አይደለም፣ ያነሰ ቃል ነው የሚያዋርድህ።»

ከዚያ አንድ ዓርብ ዋሸሁ።
ቦንሳ ታሞብኝ፣ እኔም ሁለት ቀን ሠርግ ቤት ውዬ፣
ጻፍኩት በደማቁ፣ «ሰባት መቶ ሃያ» ብዬ።
ምንም አላለችም። ከዘራዋን አነሳች፣
ባጃጅ አስቆመችና ከኔ ቀድማ ገባች።
ግቢዬ ጨለማ ነው። የስልኬን መብራት ያዝኩላት፤
የገዛ ውሸቴን እንድትቆጥር አበራሁላት።
እያንዳንዱን ብሎኬት በከዘራዋ ጫፍ እየነካች፣
«ቶኮ... ለማ... ሰዲ...»
አቧራው ዓይኗን ቢሞላውም አላቋረጠች።
አምስት መቶ አሥራ ስምንት ላይ ግድግዳ ደረሰ፤
ከዘራዋ አየር ላይ ቆየ፣ የሚነካው አጥቶ ተመለሰ።
«ደህና እደር» ብቻ አለችኝ።

ሦስት ዓርብ ቀረሁ።
በቤቷ ላለማለፍ በፖስታ ቤት በኩል ዞርኩ፤
ስልኬ በጮኸ ቁጥር እሷ መስላኝ ደነገጥኩ።
አልደወለችም።
ያ ነው የከበደኝ።

በአራተኛው ሄድኩ። ደብተሩ አግዳሚው ላይ ነበር።
የሦስቱንም ዓርብ ቀን ጽፋለች፣
ፊደሏ እንደ ፈሰሰ ስንዴ ተበታትኖ።
ያልከው፦ ባዶ።
የሆነው፦ ባዶ።
«አንተ ባትመጣም» አለች፣ «ዓርብ ይመጣል።»

ከዚያ ደብተሩን ገለበጠችው። ከኋላው የራሷ ገጽ አለ።
«በል ጠይቀኝ። እኔስ ለምን ይቀርብኛል?»
«ስንት አልሽ?»
«ዘንድሮ አንድም ቀን ላልቆጣህ።»
«ስንት ሆነ?»
መነጽሯን በቀሚሷ ጠረገች። «አራት።
አንዱ ባልመጣህበት ማታ ነው፤
ለብቻዬ፣ እዚሁ፣ ካግዳሚው ጋር።»
ምክንያት አልጨመረችም።
እኔም አልጠየቅኳት። ቦታ የለማ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ከኮረብታው ላይ እነዚያ ረጃጅም ነጫጭ ክንፎች
ማንም ሳይጠይቃቸው ይዞራሉ፤ ነፋስ ይበቃቸዋል።
እኔን አይበቃኝም።
ስድስት መቶ ሰባ ሁለት ብሎኬት ተደርድሯል፤
ውሃ አጠጥቻለሁ፤ ቦንሳ ወደ ቤቱ ሄዷል።
ሃያ ስምንት ይቀራል።
እጅጌዬን ሰብስቤ አካፋውን አነሳለሁ።
መብራት አለ፣
ለጊዜው።